በስልክ አይነገርም

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ መርዶ ነጋሪ አይጠፋም። ማንም አይሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። በአሜሪካ፣ በዴንቨርና በኦሮራ ከተሞች ይህ ሥልጣን የክብርት ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነው። ቅዳሜ ማለዳ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንድ ደጃፍ ላይ ከቆሙ፣ የዚያ ቤት ሰው አገር ቤት ያሉ ዘመዶቹን በልቡ አንድ በአንድ መቁጠር ይጀምራል።

ሕጋቸው አንድ ነው፤ «በስልክ አይነገርም።» ሰው መርዶውን መስማት ያለበት በቤቱ፣ በማለዳ፣ ደጋፊ አጠገቡ ተቀምጦ ነው። ፌስቡክ ከመጣ ወዲህ ግን ሥራው ሩጫ ሆኖባቸዋል። ወሬው እንዳይቀድማቸው የሐዘንተኛውን ስልክ በልጆቹ ያስደብቃሉ፤ ያም ካልሆነ ዋይፋዩን ያስነቅላሉ።

ይህ ሹመት መዘዝም አለው። አንዴ የተዋሱትን ድስት ሊመልሱ ማለዳ ፓርክ ሂል ወደሚባለው ሰፈር ቢሄዱ፣ የድስቱ ባለቤት በመስኮት አይታቸው ወለሉ ላይ ተዘረረች። ድስቱን ከፍ አድርገው ቢያሳዩም የሚያያቸው አልነበረም። እንግልውድ የሚኖር ሌላ ሰው ደግሞ ለክርስትና ሊጠሩት ቢሄዱ በጓሮ በር አምልጧቸዋል።

የቫን ሾፌሩ ፍረዝጊም ከሚሸሿቸው አንዱ ነበር። የእናቱን መርዶ የነገሩት እሳቸው ናቸው። «እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል» ያሉበት ድምፅ ከጆሮው አልወጣ ብሎት፣ ሱቅ ውስጥ ባያቸው ቁጥር ሌላ መደርደሪያ ጀርባ ይገባል። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ደውለው «ነገ ጠዋት ቫንህ ታስፈልገኛለች» ሲሉት ክው አለ።

«ማን ሞተ፣ እትዬ ዘርፌ?»

«ያንተ አይደለም፣ አይዞህ። የሚስ ኮርዲሊያ ልጅ ነው።»

ሚስ ኮርዲሊያ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተቀጥረው ግሌንዴል በሚገኝ አፓርታማ ውስጥ የሚንከባከቧቸው ያረጁ ተዋናይት ናቸው። ታሪካቸውን ወይዘሮዋ ላገኙት ሁሉ ስለሚያወሩ ፍረዝጊ በቃሉ ይዞታል። ከምሥራቅ ኮሎራዶ፣ ከስንዴ ገበሬ ቤት ወጥተው ሆሊዉድ ገቡ። አንድ ፊልም ላይ ስማቸው በትልቁ ተጻፈ፤ ፊልሙ ከሰረ። ከዚያ ቴሌቪዥን ወሰዳቸው፤ ቴሌቪዥን የሰጣቸው ሥራ ግን ዕድሜ ልካቸውን አንድ ዓይነት ነበር። አንዴ የወታደር እናት፣ አንዴ የፖሊስ ሚስት ይሆናሉ። በር ይንኳኳል፤ ይከፍታሉ፤ ኮፍያቸውን ያወለቁ ሁለት ሰዎች መርዶ ይዘው ቆመዋል። ሚስ ኮርዲሊያ ቃል ሳይተነፍሱ ፊታቸው ብቻ ይለዋወጣል፤ ተመልካቹም ያለቅሳል። ሲያረጁ ጥሪው ቀረ፤ ወደ ዴንቨር ተመለሱ። ኦሪገን ከሚኖር አንድ ልጃቸው በቀር የሚጠይቃቸው አልነበረም።

«ምራታቸው ለእኔ ደወለች» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። «ማታ ፌስታይም አድርጌ እነግራቸዋለሁ ትለኛለች። ተይ የኔ ልጅ፣ ይሄ በስልክ አይነገርም፣ ለእኔ ተይው አልኳት።»

«እትዬ፣ ሴትዮዋ እኮ ፈረንጅ ናቸው። በማለዳ ይሄን ሁሉ ሰው ደጃቸው ላይ ሲያዩ ቢደነግጡስ? ልባቸውም ደካማ ነው ብለውኝ ነበር።»

«እሱን ፈርቼ ነው ከጠዋት ጀምሮ እህል አልወርድ ያለኝ» አሉ ወይዘሮዋ። «ግን ብቻቸውን፣ ስልክ እንደያዙ እንዲወድቁ አልተዋቸውም።»

በማግስቱ ፍረዝጊ ወይዘሮዋንና ጥቂት የማኅበር ሴቶችን ጭኖ ግሌንዴል ደርሶ ቫኑን አቆመ። ሊፍቱ ውስጥ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የሚናገሩትን በሹክሹክታ ሲለማመዱ ሰማ። የእሱን በር ያንኳኩ ዕለትም እንዲህ ተጨንቀው ይሆን? ያን ጊዜ ጭንቀታቸውን አላየም። ይህን ሲያስብ አዘነላቸው፤ ሲሸሻቸው መኖሩም አሳፈረው።

በሩ ተከፈተ። ሚስ ኮርዲሊያ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁልጊዜ በሥራ ልብስ የሚያውቋቸውን ሴት በተዘቀዘቀ ነጠላ አዩአቸው፤ ከኋላ ያሉትንም ፊት በተራ አዩ። ፍረዝጊ ያንን ዝነኛ ፊት ዩቲዩብ ላይ አይቶት ስለነበር እሱኑ ጠበቀ። አልመጣም። የሴትየዋ ፊት እንዳለ ቀረ፤ ከዘራው ብቻ ከእጃቸው ወደቀ።

«ዋረን ነው?» አሉ የልጃቸውን ስም ጠርተው።

«አዎ፣ ዋረን ነው» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፤ ልማዳቸውንም ረስተው ቁጭ ይበሉ አላሉም።

ሚስ ኮርዲሊያ የበሩን እጀታ ጨብጠው ቆዩ። «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ በር ላይ ቆሜያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን አላውቅም። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ካት ተብሎ ቀረጻው ይቆማል፣ መብራቱ ይጠፋል።»

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ብብታቸው ሥር ገብተው ደገፏቸው።

«ከዚህ በኋላማ እኛ እንገባለን» አሉ።

ገቡ። አንዷ ሾርባ ልታሞቅ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ ሌሎቹ የማያውቁትን ዋረንን ስሙን እየጠሩ አለቀሱለት። ሚስ ኮርዲሊያም በወይዘሮዋ ትከሻ ላይ፣ ማንም ተመልካች ባላየው ፊት አለቀሱ። እስከ ሠልስት ድረስ ያ ቤት ሰው አልተለየውም።

ከሠልስቱ ሲመለሱ ፍረዝጊን ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘው።

«እትዬ ዘርፌ፣ እኔ ስሞት ለልጆቼ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ እኮ እቀድምሃለሁ» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ልጄ ሲያትል ናት፤ ለእሷ ማን እንደሚነግራት እንጃ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ፍረዝጊ ግን ወዲያው አልነዳም።

«እኔ ሲያትል ሄጄ በሯን አንኳኳለሁ» አለ።