የተቀመጠ ሁሉ ቲኬት ይቆርጣል

[ከከተማው ጀርባ ያለ ተራራ፣ አንድ ሦስተኛው ላይ። ጠዋት ነው። ሾፌሩ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከከተማ አውቶቡስ ጡረታ ወጥቷል። ረዳቱ በዚያው አውቶቡስ በር ላይ ሠላሳ ዓመት ቆሞ ቲኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ እሱም ጡረተኛ ነው፣ በዕድሜ ግን ትንሽ ያንሳል። ሾፌሩ አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ነው። ረዳቱ ከኪሱ ያረጀ የቲኬት ጥራዝ አውጥቶ አንዷን ቀጭ አደረጋት።]

ሾፌሩ፦ መልሳት! መልሳት አልኩህ!

ረዳቱ፦ የተቆረጠ ቲኬት አይመለስም።

ሾፌሩ፦ አልተቀመጥኩም እኮ! ተደግፌ ነው!

ረዳቱ፦ በምንህ?

ሾፌሩ፦ በምንህ ማለት ምን ማለት ነው?

ረዳቱ፦ በትከሻህ ከሆነ ተደግፈሃል። በክንድህም ከሆነ እሺ፣ ተደግፈሃል። ጋሼ፣ አንተ ግን ሙሉ ለሙሉ ድንጋዩ ላይ ነህ።

ሾፌሩ፦ እግሬ መሬት ይነካል። እግሩ መሬት የነካ ሰው ቆሟል ነው የሚባለው።

ረዳቱ፦ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዘህ እግርህ ወለል ይነካ ነበር። ቆመህ ነበር የምትነዳው?

ሾፌሩ፦ ወይ ጣጣዬ! አየር ልቀበል ወጥቼ ተቆጣጣሪ ይዤ መጣሁ!

ረዳቱ፦ ሦስተኛህ ነች። አንደኛዋ ከታች መግቢያው ጋ ናት፤ ሁለተኛዋ ዛፉ ሥር፤ ይቺ ሦስት።

ሾፌሩ፦ ለምንድን ነው ግን የምትቆርጠው? ተሳፋሪ የለ፣ አውቶቡስ የለ!

ረዳቱ፦ ልጅህ ምስክር አድርጋኛለች። ምስክር ደግሞ ማስረጃ ያስፈልገዋል። እኔ በቃሌ መያዝ አልችልም፤ እጄ ነው የሚያስታውሰው።

ሾፌሩ፦ ልጄ ምን እንዳለች መቼም ሰምተሃል።

ረዳቱ፦ ሰምቻለሁ። «ተራራውን ይውጣ፤ እንዴት እንደወጣ አንተ ትነግረኛለህ፤ ከዚያ እወስናለሁ» ነው ያለችው።

ሾፌሩ፦ የምትወስነውስ ምንድን ነው?

ረዳቱ፦ በቤትህ ትኖራለህ ወይስ እሷ ቤት ጓሮ ያለችው ክፍል ትገባለህ።

ሾፌሩ፦ ጎሽ! ታዲያ «ሦስት ጊዜ ተቀመጠ» ብትላት ምን የምትል ይመስልሃል?

ረዳቱ፦ ምን ትላለች?

ሾፌሩ፦ «አባዬ በቃ አርጅቷል» ነዋ የምትለው! ነገ በጠዋት ጭነት መኪና ልካ አልጋዬን ታስወጣለች!

ረዳቱ፦ አልጋህ በበሩ አይወጣም።

ሾፌሩ፦ ለምን አይወጣም?

ረዳቱ፦ ስናስገባው በመስኮት ነበር።

ሾፌሩ፦ [ወደ ሰማይ] ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት!

ረዳቱ፦ ደግሞ ልጅቷም አይፈረድባትም። ያን ቀን ያን የሚያህል ቁም ሳጥን ብቻህን ስትጎትት ወድቆብህ ሥሩ አገኘችህ።

ሾፌሩ፦ እግሩን እየጠገንኩለት ነበር።

ረዳቱ፦ በጀርባህ ተኝተህ?

ሾፌሩ፦ ሜካኒክ እንዴት ሆኖ ነው የሚሠራው?

[አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ በትር ይዘው ከኋላቸው ይመጣሉ። ረጋ ባለ እርምጃ አጠገባቸው ደርሰው፣ «ደህና አደራችሁ» ብለው ያልፋሉ።]

ሾፌሩ፦ [ብድግ ብሎ] ማናቸው ደግሞ እኚህ?

ረዳቱ፦ እኔ እንጃ። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም። ቀደሙን።

ሾፌሩ፦ አልቀደሙኝም፤ መንገድ ሰጠኋቸው።

ረዳቱ፦ ተቀምጠህ?

ሾፌሩ፦ ዳር ይዤ! መንገድ የሚሰጥ ሰው ዳር ይይዛል። በል ተነስ፣ እንድረስባቸው!

ረዳቱ፦ እኔ መቼ ተቀመጥኩና እነሳለሁ?

[ይሄዳሉ። ሾፌሩ ከፊት ነው፤ ይቸኩላል። ትንፋሹ ከሩቅ ይሰማል።]

ረዳቱ፦ ጋሼ፣ ዳገት በአንደኛ ማርሽ ነው የሚወጣው ስትል አልነበር?

ሾፌሩ፦ ይሄ… አንደኛ… ነው!

ረዳቱ፦ ድምፁ የአራተኛ ነው።

ሾፌሩ፦ አንተ ስለ ተራራ አታውቅም። ዝም ብለህ ተማር። በአፍንጫ አስገባ፣ በአፍ አስወጣ። ወደ ታች አትይ። ውሃ እንዳትጠጣ፤ ውሃ ሰውን ያከብዳል።

ረዳቱ፦ ውሃው እኔ ጀርባ ላይ ነው። ጠጣልኝ፣ ለእኔ ይቅለለኝ።

ሾፌሩ፦ አልጠጣም። ደረቅ ወጥቼ ደረቅ እመለሳለሁ።

ረዳቱ፦ አውቶቡሱ ራዲያተሩ ፈልቶ መንገድ ላይ የቆመብን ቀንም እንዲሁ ነበር ያልከው።

[ሾፌሩ ቆመ። ረዳቱን አየው። እጁን ዘረጋ፤ ጠርሙሱን ተቀብሎ እስከ ግማሽ ጠጣ። ከዚያ ዝም ብሎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ቀጭ።]

ሾፌሩ፦ እሷንም ቆረጥካት?

ረዳቱ፦ አራት። ኧረ እያት እዚያች ወፍ! ጭራዋ ከራሷ ይበልጣል።

ሾፌሩ፦ ወፍ ልናይ አልመጣንም። ተነስ፤ ሴትዮዋ ሊሰወሩብን ነው። በዚህ በድንጋዩ በኩል አቋርጠን ከፊታቸው ብቅ እንላለን።

ረዳቱ፦ መንገዱ በግራ ነው የሚዞረው። ምልክትም አለው።

ሾፌሩ፦ የዞረ መንገድ ለማያውቅ ሰው ነው። እኔን ተከተለኝ።

ረዳቱ፦ እኔ እዚህ በር ላይ ልቁም።

[ሾፌሩ ልቅ ድንጋይ የሞላበትን ገደል መሰል ዳገት ተያያዘው። ዐሥር እርምጃ እንደሄደ ድንጋዩ ይንሸራተት ጀመር። በአራት እግሩ ሆኖ ቀረ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሆነለትም።]

ሾፌሩ፦ [ሳይዞር] አንተ… አለህ?

ረዳቱ፦ አለሁ።

ሾፌሩ፦ ከኋላዬ ምን አለ?

ረዳቱ፦ ከኋላህ ነፃ ነው። ቀስ ብለህ ና።

ሾፌሩ፦ አልታየኝም!

ረዳቱ፦ መቼ ታይቶህ ያውቃል? በል ና… ና… ና… ግራ እግርህን ትንሽ… ና… ኧረ ግራ አልኩህ፣ ይሄ ቀኝ ነው… እንደሱ… ና… ና… ቀስ… በቃ! ያዝ!

[ሾፌሩ በአራት እግሩ ወደ ኋላ ወርዶ መንገዱ ላይ ደረሰ። ጉልበቱ አፈር ብቻ ነው። ዘፍ አለ። ቀጭ።]

ሾፌሩ፦ ይቺ አትቆጠርም። አደጋ ነች።

ረዳቱ፦ አምስት። አደጋም ቢሆን ተቀምጠህ ነው።

[ተነስተው በዞረው መንገድ ቀጠሉ። ሽቅቡ ላላ አለ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሾፌሩ ግን ሞቆት ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለው፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ መንገድ ዳር የወደቀ ግንድ አገኘና ምንም ሳይከራከር ተቀመጠ። ረዳቱ ቲኬቷን በቀስታ ቆረጣት።]

ሾፌሩ፦ ስማኝማ። ልጄ ክፉ አይደለችም፤ አውቃለሁ። ክፍሏም ንጹሕ ነች። ግን እዚያ ከገባሁ በኋላ ጫማ ባነሣሁ ቁጥር «አባዬ ወዴት ነው?» ልባል ነው። የገዛ በሬን ከፍቼ፣ አንተን ከደጅ ጠርቼ እንዲህ መውጣት አከተመ። እኔ ደግሞ ይሄን እወደዋለሁ። ጉልበቴን እያመመኝም እወደዋለሁ።

ረዳቱ፦ እኔም እወደዋለሁ። ብቻዬን አልወጣም ነበር።

ሾፌሩ፦ እንግዲያው አድነኝ! ስትደውል «እንደ ነብር ወጣ» በላት።

ረዳቱ፦ ነብር ሲወጣ አይቼ አላውቅም።

ሾፌሩ፦ ማየት አያስፈልግም፣ አባባል ነው! «አንድ ጊዜም አልተቀመጠም» በላት።

ረዳቱ፦ ስድስት ቲኬት ቆርጬ?

ሾፌሩ፦ ጣላቸው! ነፋስ ይውሰዳቸው!

ረዳቱ፦ ተራራ ላይ ቆሻሻ አይጣልም።

ሾፌሩ፦ ዋጣቸው እንግዲህ! እሺ፣ ተስማማ፤ በረንዳዬ ላይ ያለውን የሽቦ ወንበር እሰጥሃለሁ። የምትወደውን!

ረዳቱ፦ እሱን ከሰጠኸኝ አንተ ምን ላይ ትቀመጣለህ?

ሾፌሩ፦ እኔማ አልቀመጥም! አሁን ስለ ምን ስንነጋገር ነው የቆየነው?

ረዳቱ፦ ስለ ወንበር።

[ሾፌሩ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ተነሣ። እስከ ጫፉ ድረስ ወጡ። ጫፉ ላይ ከተማው በሙሉ ከሥራቸው ተዘርግቷል። ሾፌሩ ፊቱ በራ።]

ሾፌሩ፦ አየህ! አየህ አይደል! ያ የቆርቆሮው ጣራ የእኔ ቤት ነው! ያውልህ፣ የድሮው መስመራችን፤ አደባባዩን ዞሮ፣ ትምህርት ቤቱን አልፎ… ያን ሁሉ ዓመት ከሥር ስንሽከረከር አንድ ቀን ቀና ብለን ይሄን ተራራ አላየነውም!

ረዳቱ፦ እኔ አየው ነበር። በሩ ክፍት ነዋ።

ሾፌሩ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ረዳቱ፦ «ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረ።

[ሾፌሩ እየሳቀ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቀጭ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሾፌሩ ከኪሱ አውጥቶ አየውና እንደ ፍም ለረዳቱ ወረወረለት።]

ሾፌሩ፦ እሷ ነች! አንተን ነው የምትፈልገው! ነብር፣ እንዳትረሳ፣ ነብር!

ረዳቱ፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ] አቤት ልጄ… ደህና ነን፣ ጫፉ ላይ ነን… አዎ፣ እሱም ደርሷል… እንዴት እንደወጣ? [ሾፌሩን ያያል። ሾፌሩ ጣቶቹን እንደ ነብር ጥፍር አጥፎ አየሩን ይቧጥጣል።] እ… ሰባት ጊዜ ተቀምጧል።

ሾፌሩ፦ ወየው! አጠፋኝ!

ረዳቱ፦ አዎ፣ ሰባት፤ ቲኬቱ እጄ ላይ ነው… ውሃ? አልጠጣም ብሎ ነበር፣ ኋላ ግማሽ ጠርሙስ ጨለጠው… ኮቱንም ሲሞቀው አውልቋል… አቋራጭ? ገብቶ ነበር፤ ድንጋዩ ሲከዳው ግን «ተመለስ» አልኩት፣ ተመለሰ… አዎ፣ ሲሉት ተመለሰ… በአራት እግሩ… [ሾፌሩ «ነብር!» ብሎ ይጮኻል።] ነብር? እሱ ነብር በላት ብሎኛል፣ እኛ ግን ያየነው ወፍ ነው።

[ሾፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ረዳቱ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ።]

ረዳቱ፦ እሺ… እሺ የኔ ልጅ… እነግረዋለሁ። [ስልኩን ሳይዘጋ ደረቱ ላይ ያዘው።]

ሾፌሩ፦ አለቀልኝ። ጭነት መኪናው በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?

ረዳቱ፦ የምን ጭነት መኪና?

ሾፌሩ፦ አልጋዬን የሚወስደው!

ረዳቱ፦ አልጋህ የትም አይሄድም። አንተም የትም አትሄድም።

ሾፌሩ፦ [እጁን ከፊቱ አንሥቶ] ምንድን ነው ያለችው? ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።

ረዳቱ፦ እንዲህ ነው ያለችው፦ «ቁም ሳጥኑ ሥር ባገኘሁት ቀን የፈራሁት እርጅናውን አይደለም። አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ብቻውን ማደሩን ነው የፈራሁት። ‹አንዴም ሳይቀመጥ ወጣ› ብትለኝ ኖሮ ነገ ሄጄ አመጣው ነበር። ሲደክመው ከተቀመጠ፣ ውሃ ከጠጣ፣ ተመለስ ሲሉት ከተመለሰ፣ በቤቱ ይኑር። ከፈለገም በየሳምንቱ ይውጣ።»

[ሾፌሩ ወደ ቤቱ ጣራ ቁልቁል አየ።]

ሾፌሩ፦ እንግዲያው… ነብር ብለሃት ቢሆን ኖሮ?

ረዳቱ፦ ጓሮ ያለችው ክፍል ነበርክ።

ሾፌሩ፦ አንተ ይሄን ታውቅ ነበር?

ረዳቱ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? የቆረጥኩትን ቆጠርኩላት።

ሾፌሩ፦ ያን ሁሉ ዓመት ከኋላዬ ቆመህ እኮ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ሞኝ ትመስለኝ ነበር።

ረዳቱ፦ መስታወትህ ጠባብ ነበር።

ሾፌሩ፦ [በድንገት ቀና ብሎ] ቆይ! ስልኩ አልተዘጋም እንዴ?

ረዳቱ፦ አልተዘጋም። አለች።

ሾፌሩ፦ [ነጥቆ] ሃሎ! ልጄ! ሰባት ነው ያለሽ? እንዳታምኚው! ዘጠኝ ነው! እሱ ወፍ ላይ አፍጥጦ ሳለ ሁለቴ ቁጭ ብያለሁ!