ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ባለው ክፍል ውስጥ፣ «መመሪያው አልወጣም» የሚሉ አንድ ሰው አይጠፉም። ሚኒስትር ይሻራል፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቀየራል፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም ይቀባል፤ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም። እርስዎም ያውቋቸዋል። ምናልባት ይህን የሚያነቡት በራቸው ላይ ወረፋ እየጠበቁ ይሆናል።

ለእኔ የደረሱኝ ክቡርነታቸው የኃይል ማመንጫ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ያገናኘችን ታላቅ እህቴ ናት። የአንድ ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሕፃናቱን ክትባት በበረዶ ሣጥን አድርጋ፣ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ አንድ ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ሆስፒታል ታስቀምጣለች። የክሊኒኩ ጣሪያ ላይ በጎ አድራጊዎች የሰቀሉት የፀሐይ ፓነል አለ። ፈቃድ እስኪመጣ ተብሎ ገመዱ ታሽጓል። «አንተ ለቢሮው ቅርብ ነህ፣ ጨርስልኝ» አለችኝ። እኔም የሚያልቅ መስሎኝ እሺ አልኩ።

«የፀሐይ መመሪያው አልወጣም» አሉኝ ክቡርነታቸው ወንበር ስበውልኝ። «በመውጣት ላይ ነው።» የታመመ ዘመድ ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። መመሪያው በመውጣት ላይ ከሆነ ሰባት ዓመቱ ነው። ሊፈረም ሲል የመሥሪያ ቤቱ ስም ተቀየረና በአሮጌው አርማ ነው የተጻፈው ተብሎ ተመለሰ። እንደገና ሲጻፍ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ፀሐይ የእኔ ናት፣ የእኔ ናት ተባባሉ። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከኮሚቴው ወዲህ ያለውን ለመስማት አቅም አልነበረኝም።

«እስከዚያው በቆየው ቅጽ ሙላ፣ ወንድሜ» አሉኝ። የቆየው ቅጽ የናፍጣ ጄኔሬተር ቅጽ ነው። ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት፦ በወር የሚፈጀው ናፍጣ በሊትር። ባዶውን ተውኩት። «ባዶ ቦታ አይፈቀድም።» ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። «ናፍጣ የማይፈጅ ጄኔሬተር የለም።» ፀሐይ ብዬ ጻፍኩ። «ፀሐይ በሊትር አትለካም፣ ወንድሜ።» ቁጥር አሥራ አምስት የነዳጁን ርቀት ከሕንፃው ይጠይቃል። ብሽቅ ብዬ መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ብዬ ሞላሁ። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡና ራይት አደረጉበት።

«ከአሥር ሜትር መብለጡ ነው ዋናው» አሉ።

ስምንት ወር ተመላለስኩ። ዘበኛው መታወቂያ መጠየቁን ተወው። እህቴ ትደውላለች።

«ሰውዬህ ዛሬስ ምን አለ?»

«በመውጣት ላይ ነው ይላሉ።»

«የአውቶቡሱ ሾፌር፣ ለሣጥኑም ወንበር ልያዝለት ወይ አለኝ» ትልና ስልኩን ትዘጋዋለች።

አንድ ጠዋት አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሸ። በረዶው ቀለጠ፣ ክትባቱ ተጣለ፣ ሠላሳ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ተመለሱ። እህቴ ስልክ ላይ አለቀሰች። በማግስቱ የስድብ ዓይነት አጠራቅሜ ክቡርነታቸው ቢሮ ገባሁ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ስድቡ ጠፋብኝ፤ ደክሞኝ ነበር።

ክቡርነታቸው ቅጹን አወጡና በራሳቸው እስክሪብቶ ቁጥር አሥራ አራት ላይ «1 ሊትር» ብለው ጻፉ። ማኅተም መቱበት።

«ምኑ ነው ናፍጣ የሚፈጀው?» አልኳቸው።

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ኋላ ባልደረቦቻቸው እንደነገሩኝ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራቸው አንዲት የሐሰት ቃል ፋይል ውስጥ አስገብተው አያውቁም።

እሽጉ ተፈታ። የክትባቱ ማቀዝቀዣ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። በወሩ ግን ክቡርነታቸው ክሊኒኩ በር ላይ ከች አሉ፤ በውሃ ፕላስቲክ አንድ ሊትር ናፍጣ ይዘው። የጻፉት ነገር ውሸት ሆኖ እንዲቀር አልፈለጉም። ከሕንፃው አሥር ሜትር በእርምጃ ለኩ፤ የክሊኒኩን ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ አስከምረው በናፍጣው አቃጠሉት። በየወሩ እንዲሁ። መመሪያው ዛሬም አልወጣም።

ባለፈው ወር ቀሩ። እህቴ ደወለች።

«ሰውዬው ሳይመጡ ቀሩ እኮ። ደህና አይደሉም እንዴ?»

ቤታቸው ሄድኩ። ጉንፋን ጥሏቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለዋል። እንኳን ደህና መጣህ ሳይሉኝ፣ «ወሩ ስንት ቀን ቀረው?» አሉኝ።

«ሁለት።»

በማግስቱ ማደያ ተሰልፌ አንድ ሊትር አስቀዳሁ። ፕላስቲኩን ጭኔ ላይ አድርጌ በዚያው በእህቴ አውቶቡስ ሄድኩ። እህቴ መስኮቱ ጋ ቆማ እያየችኝ ከሕንፃው ጀምሬ በእርምጃ ለካሁ። አሥር ስደርስ ቆምኩና፣ የእሳቸው እርምጃ ከእኔ ይረዝማል ብዬ አንድ ጨመርኩ።