ስለ የኔአለም ደምና ስለ ጠላዋ የተወሰነውና የተሻረው

የኪዳነ ምሕረት ንግሥ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከቅዳሴ በኋላ
ቦታ፦ ከደብረ ኤልያስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው አጥቢያችን፣ ሰንበቴ ቤት

የተገኙ አባላት፦

አቶ ደምለው ወልደ ገብርኤል፣ ሰብሳቢ።
የኔታ አካለ ወልድ፣ የቅኔ መምህር።
ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የድግሱ ኃላፊ።
አቶ ገዳሙ፣ ገበሬ። የጠፋች በቅሏቸውን ሲፈልጉ በደጅ አልፈው ነበርና ተጠርተው ገቡ፤ ምልዓተ ጉባኤው የሞላው በእሳቸው ነው።
ባዘዘው፣ ጸሐፊ፣ የጂኦግራፊ መምህር። ለጸሐፊነት የተመረጠው ባለፈው ስብሰባ ስላልተገኘ ነው።

ለማብራሪያ የተጋበዙ፦ ሲስተር ዜማ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው፦ ወይዘሮ የኔአለም ወልደ ገብርኤል፣ የበዓሉ ጠላ ጠማቂ። ከሰብሳቢው ጋር የአንድ አባትና እናት ልጆች ሲሆኑ ታናሽ እህታቸው ናቸው። «ለጥንቃቄ» ተብሎ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ እንዲቀመጡ ተደርጓል። መስኮቱ መስታወት የለውም።

የስብሰባው መነሻ

ወይዘሮ የኔአለም ዓምና አንድ ጊዜ፣ ዘንድሮ በታኅሣሥ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ማጅራት ገትር ታመው ድነዋል። ደብረ ማርቆስ ያከሟቸው ሐኪም «ይህ በሽታ አንድን ሰው ሁለቴ መያዙ ያለ ምክንያት አይሆንም» ብለው ደማቸውን ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ላኩት። መልሱ በዚህ ሳምንት መጣ። ኮምፕሊመንት ከሚባለው የደም መከላከያ አንዱ ክፍል እንደጎደላቸው ተነገራቸው። ወሬው ገበያ ሲደርስ «የየኔአለም ደም ጎደሎ ነው» ሆነ፤ ከገበያ ሲመለስ ደግሞ «ጠላዋን የጠጣ ማጅራቱ ይደርቃል» ሆነ። ረቡዕ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው። ጠላው ተጠምቆ፣ ጋኑ በዚሁ ሰንበቴ ቤት ጥግ ተቀምጧል። ስለዚህ ይህ ስብሰባ ተጠራ።

አጀንዳ አንድ፦ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ማብራሪያ ስለመስማት

ሲስተር ዜማ እንዳስረዱት፣ በማንኛውም ሰው ደም ውስጥ ከሠላሳ የሚበልጡ ፕሮቲኖች ተኝተው ይዞራሉ። አብዛኞቹን የሚሠራቸው ጉበት ነው። ጀርም ሲገባ አንደኛው ይነቃል፤ የነቃው ቀጣዩን ቆረጥ አድርጎ ያነቃዋል፤ ያ ደግሞ ሌላውን፤ እንዲህ እያሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይተማሉ። የነዚህ ሁሉ የጋራ ስማቸው ኮምፕሊመንት ነው። (ጸሐፊው ቃሉን መጀመሪያ «ኮንፕልመት»፣ ቀጥሎ «ኮምፒመንት» ብሎ ጽፎ ሰርዟል። ሲስተር ዜማ በእጃቸው ጽፈውለታል።)

አቶ ገዳሙ፣ መጀመሪያ የሚቀሰቅሳቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ሲስተር ዜማ መቀስቀሻው ሦስት መሆኑን ገለጹ። አንደኛው፣ ሰውነት ከዚህ በፊት የሚያውቀው ጀርም ከሆነ አንቲቦዲ የሚባለው ይለጠፍበትና ይቀሰቅሳቸዋል። ሁለተኛው፣ ጀርሙ የለበሰው የስኳር ዓይነት ከእኛ ስለሚለይ በልብሱ ይታወቃል። ሦስተኛው፣ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ሁልጊዜ ጥቂቶቹ ነቅተው ያገኙትን ሁሉ ይነካሉ፤ የራሳችን ሥጋ ማጥፊያ ስላለው ወዲያው ያስተኛቸዋል፤ ጀርሙ ግን ማጥፊያ ስለሌለው ይበረቱበታል። ሦስቱም መንገዶች፣ በቁጥር ከሚጠሩት ፕሮቲኖች ሲ-ሦስት የሚባለው ሦስተኛው ላይ ይገናኛሉ።

ሥራቸውም ሦስት ነው ተባለ። ጀርሙ ላይ ይለጠፋሉ፤ የሚያሟልጭ ዓሣ አመድ ሲነሰነስበት እንደሚያዝ ሁሉ ነጭ የደም ሴሎች ያን ጊዜ ጨብጠው ይውጡታል። ይጣራሉ፤ ጥሪውን የሰሙ ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፣ ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል። በመጨረሻም ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው ያሉት ተገጣጥመው የጀርሙን ቆዳ ይበሱታል፤ ውሃ ይገባበትና ይፈነዳል። ወይዘሮ የኔአለም የጎደላቸው ስድስተኛው ነው። ስድስተኛው ከሌለ የሚቀጥሉት አይገጣጠሙም፤ ቀዳዳው አይበሳም። ሌላውን ጀርም የቀሩት ይችሉታል። የማጅራት ገትሩን ባክቴሪያ ግን ያለ ቀዳዳው ለመርታት ይቸገራሉ።

የኔታ አካለ ወልድ በተራቸው፣ ቁጥሩ የሥራቸውን ቅደም ተከተል ይከተል እንደሆነ ጠየቁ። ሲስተር ዜማ፣ በሥራ ጊዜ አራተኛው ከሁለተኛው እንደሚቀድም፣ ቁጥሩ የተሰጣቸው በሥራቸው ቅደም ተከተል ሳይሆን ሊቃውንቱ ባገኟቸው ተራ እንደሆነ መለሱ። የኔታም «በእኛ ጉባኤ ቤት እንዲህ የቆጠረ ተማሪ ይቀጣል» ብለው እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሁለት፦ ለኮምፕሊመንት የአማርኛ ስም ስለማውጣት

ይህ አጀንዳ በማንም አልቀረበም። በራሱ መጥቶ ከስብሰባው ጊዜ ግማሹን ወስዷል።

የኔታ አካለ ወልድ፣ ሕዝቡ የፈራው ስሙን ስላልተረዳው ነውና፣ ትርጉሙም ማሟላት ስለሆነ በግእዝ «ተፍጻሜት» ይባል አሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ አንዲት ሴት ከሐኪም ቤት ስትመለስ «ተፍጻሜት ላይ ነሽ» ቢሏት እዚያው ኑዛዜ ትጀምራለች ሲሉ ተቃወሙ፤ «ማሟያ» የሚለውን አቀረቡ። የኔታ፣ ማሟያ የወጥ ቅመም ነው አሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የኔታ ወጥ ሠርተው እንደማያውቁ አስታወሱ። አቶ ገዳሙ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ ወጥቶ የሚሠራው ነገር ስም እንዳለው፣ እሱም ደቦ መሆኑን ተናገሩ። የኔታ፣ ደቦ ጠላ ካልቀረበ አይወጣም፣ ይህ ግን በነፃ ይሠራል ብለው ለዩት።

በዚህ መካከል ወይዘሮ የኔአለም በመስኮቱ በኩል «ስሙ የፈለገው ይሁን፤ እኔ ልሞት ነው ወይስ አልሞትም?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ጥያቄው ከአጀንዳው ውጭ መሆኑን ገለጹ። ሲስተር ዜማ ግን ወደ መስኮቱ ዞረው መለሱ፦

«አትሞቺም። ክትባቱን ትወስጃለሽ። ክትባቱ የጎደለሽን አይተካም፤ ግን አንቲቦዲ ያሠራሻል፤ አንቲቦዲው ጀርሙን ሲይዘው ነጭ ሴሎችሽ ይውጡታል። ትኩሳትና ራስ ምታት ከተሰማሽ፣ አንገትሽ አልታጠፍ ካለሽ ደግሞ ‹እስኪ ይደር› ሳትይ ትመጫለሽ። በሌሊትም ቢሆን።»

ወይዘሮ የኔአለም «እሺ» አሉ።  ጸሐፊው በዚህ ጊዜ የሁለቱን ስሞች ድምፅ እየቆጠረ ስለነበር «እሺ» ሲሉ ፊታቸውን አላየም። ከረጅም ውይይት በኋላ «ማሟያ» በሁለት ድምፅ፣ የኔታ በተቃውሞ፣ አቶ ገዳሙ በበቅሏቸው ጉዳይ በድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ።

አጀንዳ ሦስት፦ የጠማቂዋና የጠላው ጉዳይ

ሲስተር ዜማ በመጀመሪያ ተናገሩ። ጉድለቱ ከእናትና ከአባት የሚወረስ እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ አይደለም። ማጅራት ገትር ራሱ ግን በታመሙበት ሰሞን በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ለዚህም በታኅሣሥ ቤተሰባቸው መከላከያ መድኃኒት ወስዷል። አሁን ድነዋል። በጠላ የሚመጣ ማጅራት ገትር የለም።

ኮሚቴው ማብራሪያውን በጭብጨባ ተቀብሎ በተቃራኒው ወሰነ።

የውሳኔ ሐሳቡን ያቀረቡት ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው። «እህቴ ስለሆነች አዳላ እንዳልባል» ካሉ በኋላ፣ ወይዘሮ የኔአለም በንግሡ ዕለት ከሰንበቴ ቤቱ እንዳይደርሱ፣ ታቦቱንም ከሩቅ እንዲሳለሙ፣ ጠላውም እንዲደፋ ሐሳብ አቀረቡ። ወይዘሮ ጥሩነሽ «ይህን ሁሉ ሰው ምን ላጠጣው ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሰብሳቢው «ውሃ» አሉ። ሁሉም ዞሮ ጋኑን አየ። ሆኖም የገበያው ወሬ ስላስፈራን ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ጸሐፊው ድምፅ የመስጠት መብት የለውም፤ የእሱም እጅ ወጥታ ነበር።

አቶ ገዳሙ፣ የሚደፋው ጠላ በእርግጥ ያ ጠላ መሆኑ ይጣራ የሚል ማሻሻያ አቀረቡ። ማሻሻያው ያለ ክርክር ጸደቀ። ከጋኑ ተቀድቶ ለየአባሉ ቀረበ። የኔታ፣ አንድ ዋንጫ ለምስክርነት እንደማይበቃ፣ ነገር በሁለትና በሦስት እንደሚጸና አስረዱ። ማጣራቱ በዚሁ መሠረት ተከናወነ። ጠላው የወይዘሮ የኔአለም መሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጠላ በአጥቢያው ሌላ ሰው እንደማይጠምቅ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ሲስተር ዜማ ቦርሳቸውን አንስተው ለመሄድ ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው አንድ ነገር እንደቀራቸው ተናገሩ። እንዲህ ያለ ጉድለት የተገኘበት ሰው ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ወንድሞቹና እህቶቹም መመርመር አለባቸው፤ ያው ነገር የጎደላቸው ለመሆን እያንዳንዳቸው ከአራት አንድ ዕድል አላቸው። ታመው አለማወቃቸው ዋስትና አይሆንም።

ሰብሳቢው ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

አቶ ገዳሙ በቅን ልቡና፣ በወይዘሮ የኔአለም ላይ የተወሰነው ውሳኔ ሰብሳቢውንም ይመለከት እንደሆነ፣ የሚመለከት ከሆነም ታቦቱን ከየት ሆነው እንደሚሳለሙ ጠየቁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ አቶ ገዳሙን በክርናቸው ጎሸሙ። ሰብሳቢው ሰብሳቢነቱን ለማንም ሳያስረክቡ ወጡ። ዞረው ወደ መስኮቱ ሥር ሄዱ። ከዚህ በኋላ የተባለውን ኮሚቴው እንዳልሰማ ለመሆን ሞክሯል። ጸሐፊው ግን መጻፍ ለምዶበት ጽፎታል።

ሰብሳቢው፦ «የኔአለም፣ ሰው ሳያውቅ ብቻዬን ሄጄ ብመረመርስ?»

ወይዘሮ የኔአለም፦ «ለምን ብቻህን?»

ሰብሳቢው፦ «ሰዎች... አየሽ፣ ሰው ያወራል።»

ወይዘሮ የኔአለም፦ «አዎ። አሁንማ አወቅኸው።»



ሰብሳቢው፦ «ፈራሁ እኮ።»

ወይዘሮ የኔአለም፦ «አያ፣ ሁለቴም በቃሬዛ ያወጣኸኝ አንተ ነህ። ፊት ፊት ትሄድ ስለነበር ያንተን ጀርባ እያየሁ ነው መኪና መንገድ የደረስኩት። ላብህ በሸሚዝህ ላይ ሲወርድ አይ ነበር። ‹ይህ ሰው ሳይደክመው እኔ አልሞትም› እል ነበር በልቤ። አሁን መርፌ ለመወጋት ብቻዬን ልሂድ ትለኛለህ? ሐሙስ አብረን እንሄዳለን። እኔ ለክትባቴ፣ አንተ ለምርመራህ።»

 ሰብሳቢው ቆይተው በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን አስገብተው፣ ዓይናቸው የቀላው ከነፋሱ የተነሣ መሆኑ በቃለ ጉባኤው እንዲገባ ጠየቁ። ነፋስ አልነበረም። ገብቷል።

ውሳኔ

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ይኸውም እርስ በርሳችን አንድ ጊዜ ከተያየን በኋላ፣ በወይዘሮ ጥሩነሽ አቅራቢነት የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

ወይዘሮ የኔአለም ከሰንበቴ ቤት እንዳይደርሱ የተላለፈው ውሳኔ ተሽሯል። ጠላው ይደፋ የተባለው ተሽሯል፤ የተጣራው ግን ተጠጥቷልና አይመለስም። የስሙም ጉዳይ ቀርቶ፣ ሲስተር ዜማ የንግሡ ዕለት ከስብከት በኋላ ያሻቸውን ስም እየጠሩ ለሕዝቡ እንዲያስረዱ ተለምነዋል። የኔታ አካለ ወልድ፣ ያን ዕለት የመጀመሪያውን ዋንጫ ከወይዘሮ የኔአለም እጅ በሕዝብ ፊት ተቀብለው እንደሚጠጡ ቃል ገብተዋል። በአጠቃላይ ኮሚቴው ዛሬ የወሰነውን በሙሉ ሽሯል። ወይዘሮ የኔአለምን ይቅርታ ይጠይቅ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ይህ በወረቀት ሳይሆን በአፍ መሆን ይገባዋል ተብሎ ሁሉም ወደ መስኮቱ ሄደዋል።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተበተነ።

ጸሐፊ፦ ባዘዘው (ፈርሟል)
ሰብሳቢ፦ (አልፈረሙም። ሁሉም ሰው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላም ከእህታቸው ጋር ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ ጸሐፊው ብዕር ይዞ ሊጠጋቸው አልደፈረም።)