እግሬ የጠየቀው ይቅርታ

አንጎል የሰውነት ንጉሥ ነው ይባላል። ይህን እየደጋገሙ ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ። ዲላ ውስጥ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ፤ በየሴሚስተሩ ሰሌዳ ላይ አንጎል እስላለሁ (ተማሪዎቼ ጥቅል ጎመን ነው ይላሉ)፤ ከሥሩ አከርካሪ፣ ከአከርካሪው ነርቭ አወርድና፣ ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል፣ ወሬ ከታች ይወጣል እያልኩ ጉሮሮዬን አደርቃለሁ። ግን ንጉሡን ማን ይሰማዋል? የእኔን ንጉሥስ እንኳን ሌላው የገዛ እግሬም አልሰማው።

ነገሩ የጀመረው በአቮካዶ ነው። የጎረቤቴ የጋሽ ጅግሶ ዛፍ ሥሩ እሳቸው ግቢ፣ ቅርንጫፉ የእኔ ቆርቆሮ ላይ ነው። ፍሬው የሚወድቀው ደግሞ ልክ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው አንጎሉ ውስጥ ቀድሞ የሚደክመው ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ‘ተው’ የሚለው ክፍል ነው። የእኔም ደከመ። ዛፉ ይቆረጥ አልኩ፤ አይቆረጥም አሉ፤ አንድ ጠዋት በአጥር ላይ የማይባል ተባባልን። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ።

ሳንታረቅ ጋሽ ጅግሶ ታመው ሞቱ። ማዘኑን አዘንኩ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ግን የፈራሁት ባለቤታቸውን እማማ ብርቄን ነበር። ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ መጣህ ቢሉኝስ? ከለቅሶ ቤት የተባረረ ሰው እዚህ አገር በምን ፊቱ ይኖራል? ነገ እኔ ስሞትስ ማን ሊቀብረኝ ነው?

ቢሆንም ሄድኩ። ከቡሌ በመጡ ሁለት ግዙፍ ዘመዶች መካከል አግዳሚ ላይ ተጣበቅኩ። የደጋ ሰዎች ስለሆኑ ነው መሰለኝ፣ በዲላ ሙቀት ወፍራም ካፖርታቸውን አላወለቁም። ቦታ ስላጣሁ እግሬን በእግሬ ላይ አነባበርኩ። ጸሎቱ ረዘመ። ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል፣ ከቆዳው ሥር የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ብዙ ከተጫኑት መልእክት ማድረስ ያቆማል። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ትዝ አላለኝም።

ጸሎቱ እንዳበቃ እማማ ብርቄ እንግዶቹን ሊያመሰግኑ መጡና ፊቴ ቆሙ። አንጎሌ ተነሥ አለ። ቀኝ እግሬ ተነሣ። ግራው ግን ትእዛዙ አልደረሰውም። ተዘረጋሁና ግንባሬ የእማማ ብርቄ ጫማ ላይ አረፈ።

ወዲያው የዕድራችን ዳኛ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ ጌታ ይመስገን አሉ። በሰው ፊት እግር ላይ የወደቀን ሰው ለምን ወደቅህ ብሎ የሚጠይቅ አለ? እማማ፣ ነርቭ ነው ልል ስጀምር ዳኛው፣ በቃ መምህር፣ ምንም አትናገር፣ ይበቃል አሉኝ። በዚህ መካከል እግሬ ነፍስ መዝራት ጀመረ። ጉንዳን የወረረው ያህል ነዘረኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንባዬን ያዩ ሴቶች ለቅሶውን እንደገና አቀለጡት።

እማማ ብርቄ ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ። ጋሽ ጅግሶ አልጋ ላይ ሳሉ፣ መምህሩ መጥቶ ይቅርታ የጠየቀ ቀን ዛፉን አስቆርጪው፣ ምስኪኑ እንቅልፉን ይተኛ ብለው ነበር አሉኝ። እንግዲህ ቆራጭ እጠራለሁ አሉ።

ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ግን ሰውዬው በዚያ ሕመም ስለ እኔ እንቅልፍ ያስባሉ፤ እኔ አጥር ተሻግሬ እንዴት ዋሉ አላልኳቸውም። አሁን የወረደው እንባ የእግሬ አልነበረም። አፌም ሳያማክረኝ ተከፈተና፣ አይቆረጥ እማማ፣ የጋሽ ጅግሶ መታሰቢያ ይሁን አለ።

ይህን ያዘዘው የትኛው የአንጎሌ ክፍል እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም። እየፈለግኩ ነው፤ ጊዜ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ አለኝ።