አሥራ አንደኛው ጆግ

ተአምር የሚያበላሽ ሰው ሁልጊዜ ከገዛ ቤት ነው የሚወጣው። ጎረቤት ቢሆን ዝም ይላል፤ ልጅ ግን… በተለይ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ካለቻችሁ፣ ምስክርነታችሁን ቶሎ ሰጥታችሁ ተቀመጡ።

ነገሩ የቅቤ ነው። ለመስቀል ቅቤ ያጣ ቤት ሶዶ ውስጥ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሙቿው፣ ያ የእንሰት ምግባችን፣ በቅቤ ካልዋኘ፣ እንግዳው "እንሰት ብቻ አብልተው ሸኙኝ" ይላል። የሰፈራችን የጸሎት ቡድን እናቶች አሥር ነን። ዘንድሮ ተነጋግረን የተነጠረ ቅቤ ከገሱባ ገበያ በአንድ ጀሪካን አስመጣን። ተመዘነ፤ የባዶው ጀሪካን ክብደት ተቀንሶ ልክ አሥር ኪሎ። ሚዛኑን ቆማ ያየችው አበበች ናት። አበበች ጨው ብትበደሯት ፍሬውን ቆጥራ የምታበድር እህታችን ስለሆነች፣ በሚዛኑ ጥርጥር የለንም።

"የጽዮን እናት ታካፍለን፤ እጇ ንጹሕ ነው" ብለው ጀሪካኑን ለእኔ ሰጡኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ቤቴ ሚዛን የለም፤ የሊትር ጆግ ግን አለ። ሊትርና ኪሎ ያው ወንድምና እህት አይደሉ? ቅቤውን ፀሐይ ላይ አቀለጥኩና ለእያንዳንዷ አንድ አንድ ጆግ በየዕቃዋ ገለበጥኩ። አሥር ሞላ። ጀሪካኑን ላጥበው ሳነሣው ከበደኝ። ደግሜ ቀዳሁ… ጆጉ እስከ አፉ ሞላ። አሥራ አንድ።

እናንተም ብትሆኑ ትንበረከኩ ነበር። የመበለቲቱ ዘይት ሶዶ ድረስ መጣ አልኩ። ያንን ጆግ ይዤ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ወደ ታደለች ሄድኩ። አራስ ናት፤ ባሏ ሥራ ከፈታ ሰንብቷል፤ ገንፎዋን ያለ ቅቤ ስትበላ አይቻለሁ።

"ከየት ነው?" አለችኝ።

"ከላይ" አልኳት።

አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ለእሁዱ የእናቶች ጸሎትም ምስክርነት እንዳለኝ አስነገርኩ።

ቅዳሜ ልጄ ጽዮን ሰማች።

"እማ፣ በምን ለካሽው?"

"በጆግ።"

"ሲገዛስ?"

"በኪሎ። ምን ትመረምሪኛለሽ?"

"ቅቤ ውኃ ላይ ይሰምጣል ወይስ ይንሳፈፋል?"

"ይንሳፈፋል።"

"እንግዲያው ከውኃ ይቀላል። ሊትሩ አንድ ኪሎ የሚሆነው ውኃ ነው። ይሄ ዴንሲቲ ይባላል።"

የእኔን ድርሻ በጆጉ ሞልታ ሱቅ ወሰደችና አስመዘነች። የጆጉ ክብደት ሲቀነስ ዘጠኝ መቶ አሥር ግራም። "አሥር ኪሎ ለዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አንድ ሲካፈል አሥራ አንድ ሊትር ገደማ ነው" አለችኝ፤ እንደ ዳኛ።

"ታዲያ አሥራ አንደኛው ከየት መጣ?"

"ከእናንተው። ከእያንዳንዳችሁ ዘጠና ግራም።"

"ሌባ ሆንሽ በይኛ።"

"ሌባ እንኳ አይደለሽም እማ። ሌባስ የወሰደውን ያውቃል።"

"ሄጄ ልመልሰው?"

"ከአራስ ቤት ቅቤ? አንቺ?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው ከመንጋቱ በፊት ጠርቶ፣ አበበችን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ንጹሕ ነው የተባለው እጄ ስንት ቀን ስም ይኖረዋል?

እሁድ ተነሥቼ ቆምኩ። "ጌታ ቅቤ አበዛልኝ ልላችሁ ነበር። አላበዛም። ሊትሩን ኪሎ መስሎኝ፣ ከእያንዳንዳችሁ ዘጠና ዘጠና ግራም አጉድዬ ለታደለች ሰጥቻለሁ። የራሴ ድርሻ ይኸው፤ ተካፈሉት" አልኩና ዕቃዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሁሉም ዞር ብሎ አበበችን አየ። አበበች ቀስ ብላ ተነሣች።

"እኔ ድርሻዬን የወሰድኩ ዕለት አስመዝኜዋለሁ" አለች። "ዘጠና ግራም ጎደለ። ከረቡዕ ጀምሮ 'ጌታ ሆይ፣ የጽዮንን እናት እንዳልናገራት አፌን ያዝልኝ' እያልኩ በጾም በጸሎት ላይ ነኝ። ለአራስ ከሆነ ይሁን። ቅቤሽን አንሺና እኔም ምሳዬን ልብላ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቅቤዬን የነካ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ማታ ጽዮንን ጠየቅኳት፦ "ጀሪካኑስ እሺ። አበበች ዘጠና ግራም ጎድሎባት እስከ እሁድ ዝም ማለቷ በምን ይሰላል?"

ልጄ እስክሪብቶዋን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

"እሱን ገና አልተማርነውም፣ እማ።"