አደራ በሊታዋ እትዬ ዘሃራ

እንደ «አደራ» የሚያስፈራኝ ቃል የለም። ከጅማ አዲስ አበባ ልትሄዱ መሆኑ ይሰማ እንጂ አንዱ መናኸሪያ ድረስ ተከትሎ ለእህቱ የሚላክ ቡና በፌስታል ያስታቅፋችኋል። «አደራ!» ይላችኋል፤ በቃ፣ መንገዱን ሙሉ እንቅልፍ የለም። የራሳችሁ ሻንጣ ቢጠፋ ታዝናላችሁ፤ የሰው ፌስታል ቢጠፋ ግን አገር ትለቃላችሁ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነዋ!

እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር የሚኖሩት ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ ልብስ ሰፊ ናቸው። እናት አባቷ የሞቱባትን ኢክራምን ዘመድ እስኪገኝላት እንዲያቆዩ የሴቶችና ሕፃናት ቢሮው ሠራተኛ ሲያመጣላቸው፣ «እርስዎ የአደራ ቤተሰብ ነዎት» አላቸው። ደግ ወጣት ነው፤ አፉን ግን ቁርጥ ባደረገው! እትዬ ዘሃራ «ቤተሰብ» የሚለውን አልሰሙትም። «አደራ» የሚለው ግን አጥንታቸው ድረስ ገባ።

ከዚያማ ልጅቷ የብርጭቆ ዕቃ ሆነች። ጉልበቷ ሲላጥ «ለባለቤቶቿ ምን እላለሁ?» ብለው ይጨነቃሉ። የሰፉላትን ምርጥ ምርጥ ቀሚስ ተኩሰው በር ጀርባ በተሰቀለው ሻንጣ ይከታሉ፤ ዘመድ ሲመጣ እንዳያፍሩ። ኢክራም አምልጧት በኦሮምኛ «ሀርሜ»፣ እናቴ፣ ካለቻቸው፣ «የለም የኔ ልጅ፣ እትዬ በይኝ። አደራ ተቀባይ እናት አይባልም» ይሏታል። «የኔ ልጅ» እያሉ እኮ ነው! እሷም ሻንጣውን እያየች ውሃ ለመጠጣት ታስፈቅዳለች፣ እንደ እንግዳ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሁለቱም አንጀቴን ይበሉት ነበር።

ከዓመታት በኋላ አጋሮ ላይ አክስቷ ተገኘች። ቡና ለቅማ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ከቢሮው ሠራተኛ ጋር የመጡ ዕለት እኔም እትዬ ዘሃራን ላጽናና ገባሁ፤ ወሬ ፍለጋ ነው አትበሉኝ። እትዬ ዘሃራ ሻንጣውን አውርደው፣ «አደራችሁን ተረከቡ። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለም» አሉ። ድምፃቸው ግን ጎድሏል። ኢክራም ጫማዋን አጥልቃ፣ አንገቷን ደፍታ በሩ ላይ ቆማለች።

አክስትየዋ ከላይ ያለውን ቀሚስ አውጥታ ብትለካት እጅጌው ክርኗ ላይ ቀረ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሻንጣ ሙሉ ቀሚስ፣ ሁሉም ጠቧታል።

«ወላሂ፣ ልጅቱ እኮ እዚሁ አድጋለች!» አለች አክስትየዋ። «እኔ ላያት እንጂ ልወስዳት አልመጣሁም። የአባቷ ስም አይጥፋ፣ በዒድ በዒድ ትምጣልኝ፤ ቤቷ ግን እዚህ ነው።»

ሠራተኛው ፍርድ ቤት ቀርበው ጉዲፈቻ ማድረግ እንደሚቻል ቢነግራቸው እትዬ ዘሃራ ደነገጡ።

«አስተግፊሩላህ! የሰው አደራ ልበላ?»

«ጉዲፈቻ የራሳችን የኦሮምኛ ቃል አይደለም እንዴ?» አለች አክስትየዋ። «ጉዲሳ! ያሳድጓት ማለት ነው። ደግሞስ የአደራው ባለቤት እኔ አይደለሁ? ይብሉት ብያለሁ፤ ይብሉልኝ!»

ኢክራም ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ያኔ ነው ሁላችንም ያለቀስነው።

ዛሬ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ጨርሶላቸዋል፤ ሻንጣው የጨርቅ ቁርጥራጭ ማጠራቀሚያ ሆኗል። እኛም ለእትዬ ዘሃራ ስም አውጥተንላቸዋል። «አደራ በሊታ!» ብለን ከደጅ ስንጣራ ይስቃሉ። የስፌት መኪናው ድምፅ አላሰማ ካላቸው ደግሞ ኢክራም ከውስጥ ትጮህላቸዋለች፦

«ሀርሜ! ይጠሩሻል!»