በአጎቴ ዓይን ላይ የተሸረበው ሴራ

በየቤተሰቡ አንድ ተጠራጣሪ አይጠፋም፤ የእኛው ግን ለሦስት ቤተሰብ ይበቃል። ክቡር አጎቴ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ሚዛኑን ገልብጦ ከሥሩ ያያል። «እኔን ማንም አይሸውደኝም» ይላል፤ ደህና አደርክ ላለውም ሰው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ዓለም አድማ መታበት። የመርፌ ፋብሪካዎች ተመካክረው ቀዳዳውን አጠበቡት። ጋዜጣው ቀለም ሊቆጥብ ፊደሉን አደበዘዘው። አምፖል ሻጩም የደከመ አምፖል ሸጠለት። አንድ ደንበኛ የሱሪው ግራና ቀኝ እኩል አይደለም ብሎ ቢመለስ፣ ግድግዳ አስደግፎ የሰውየውን እግሮች ለካ። በአጎቴ ሜትር እግሮቹም አንድ አልነበሩም። ደንበኛው በዚያው ቀረ።

«ጋሼ፣ ዓይንህን ብትታይስ?» ስለው ይኮሳተራል። ምክንያቱን አላጣሁትም። ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ከተገኘ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መድኃኒቱን አንድ ቀን አዛንፎ አያውቅም። የክትትሉን ነርስ ጠይቄያት ነበር። ብዥታ በእድሜ፣ በስኳር፣ በደም ግፊት፣ በዓይን ሞራም ይመጣል አለችኝ። ቫይረሱ ያለበት ሰው ግን የሰውነቱ መከላከያ ከደከመ ኢንፌክሽን የዓይኑን ጀርባ ሊጎዳው ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ አለች። ይህን ብነግረው እሷንም ጠረጠራት። ከመነጽር ሻጩ ጋር ሳትሻረክ አትቀርም አለ።

አንድ ጠዋት ሁለት የኪኒን ጠርሙስ ይዞ በሬን አንኳኳ። አንደኛው የደም ግፊቱ መድኃኒት፣ ሌላኛው የቫይረሱ ነው። እስከዛሬ በክዳናቸው ቀለም ነበር የሚለያቸው፤ በዚህ ወር ሁለቱም ነጭ ሆነው መጡ።

«አንብቢልኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማንንም አላምንም። ዓይኔን ሊወስድብኝ ነው እንዴ ይሄ በደሜ ያለው ነገር?»

ጠርሙሶቹን አንብቤ ለየሁለት። አምፖሉም ጋዜጣውም ሰበብ ነበሩ፤ ሰውዬው የፈራው ይህንን ብቻ ነው።

በዚያው ቀን ወሰድኩት። ሐኪሟ ጠብታ አድርጋ፣ በመብራት የዓይኑን ጀርባ ለረጅም ጊዜ አየች። ደህና ነው፣ እድሜ ነው፣ ለቅርብ ማያ መነጽር ይበቃዋል አለች። አጎቴ ድጋሚ እንድታየው አዘዛት፤ አየችው። ያው ነው።

መነጽሩን የወሰደ ዕለት ጠጋ ብሎ የመረመረው የዋስትና ወረቀቱን ሳይሆን የእኔን ፊት ነው።

«ስታለቅሺ ነው የሰነበትሽው» አለኝ።

ሐኪሟ ደህና ነው ካለች ወዲህ የያዝኩት ፍርሃት በእንባ ሲወጣ ሰንብቶ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብዬ ግን ካድኩ። አላመነኝም፤ እንዲያምነኝም አልፈለግኩም። እድሜውን ሙሉ ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ አጎቴ፣ ያን ቀን ልክ ነበር።